ከጎማው ሥር ያለችው ድንጋይ

በየሰፈሩ ያረጀ የቅንጦት ማኪና ያለው አንድ ሰው አይጠፋም። እብድም ሰካራምም ይኖራል፤ እብዱ ጸበል ገብቶ ይሻለዋል፣ ሰካራሙም ተኝቶ ይነቃል። ለዚህኛው በሽታ ግን መድኃኒት ሲገኝ አላየሁም። ለእኛ ለቀጨኔ ዳገት ሰዎች የደረሱን ክቡር አቶ መሸሻ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ናቸው። የምኖረው ከበራቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉንም አይቻለሁ። ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት በድርጅት ሾፌርነት ነው። ትልልቅ ሰዎችን ከኋላ አስቀምጠው፣ እሳቸው ከፊት ሆነው። ጡረታ ሲወጡ አለቃቸው ይቀመጥባት የነበረችውን ዓይነት ጥቁር ማኪና ከጨረታ ገዙ። በደህናው ዘመኗ እንደ ነፋስ ትበር ነበር አሉ። እኛ ዘንድ ስትደርስ የሚበረው ገንዘቡ ብቻ ነበር።

የመጣች ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እልል አለ። መሸሻ ከፊት ወረደ፣ የኋላውን በር ከፈተ፣ ገብቶ ተቀመጠና ዘጋው። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣

«እማማ፣ ዛሬ ገና ተቀመጥኩ» አለኝ።

ምን እላለሁ? «ይመችህ ልጄ» አልኩት።

አልተመቸውም። ይህቺ ማኪና የምትቆመው እንደ ሌላው በብረት ሳይሆን በአየር ነው። አየሩ ሌሊት ይወጣና ጠዋት ሆዷን መሬት ላይ አድርጋ እንደ ታመመች ላም ተኝታ ትገኛለች። ዛሬ ተነስታ ስትሄድ ነገ ካምቢዮዋ ይንገጫገጫል። እሱ ሲሠራ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ዘይቱ ሲቆም መስኮቷ ወርዶ አልወጣም ይላል። መለዋወጫ የተባለው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሲመጣም አንዱ የፊት መብራት ብቻ የአንድ በሬ ዋጋ ነው። ክቡርነታቸው ለሁሉም አንድ መልስ አላቸው። ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ ይሉና ቀና ሲሉ፣

«ትንሽ ነገር ናት፤ ሴንሰር ናት» ይላሉ።

ጉልበቴን ይዤ ሳቃስት እንኳን «እማማ፣ እሱም ሴንሰር ነው» ብሎኛል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ዘግይቼ ስላገኘሁት የበራና የተጻፈ ነገር ሳይ ሳልጠይቅ አላልፍም። አንድ ቀን ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ቀይ በቀይ፣ ቢጫ በቢጫ ሆኖ አየሁና ምን እንደሚል ጠየቅኩት።

«ማስጠንቀቂያ ነው። አይስሟት፣ ልማዷ ነው» አለ።

ሚስቱ ታየች ከግቢ ውስጥ ስታስል ይሰማ ነበር። ስለ እሷ ስጠይቀውም የሚመልስልኝ ይህንኑ ነው፤ ልማዷ ነው።

ታየች ሽሮ ሜዳ ነጠላ ትሸጣለች። ጣሪያቸው ዝጎ ተበሳስቷል፤ ባለፈው ክረምት ላስቲክ ለብሳ፣ ሳፋ አጠገቧ አድርጋ ነው የተኛችው። ሐኪሙ እርጥበት ለደረቷ አይሆንም፣ ሌላ ክረምት እንዲህ እንዳታሳልፊ ብሏታል። ለቆርቆሮ ብላ ከነጠላው ትርፍ ያጠራቀመችው ግን ወደ ካምቢዮው ሄደ። ለታየች የተነገራት ካምቢዮው አንዴ ከተሠራ ሌላው ትንሽ ነገር እንደሆነ ነው።

ማኪናዋ ስትቆም ደግሞ እኛ እንጠራለን። የሰፈራችን ሰው የቆመ ማኪና ሲያይ የሚያውቀው ነገር አንድ ነው፤ ይገፋል። ሸማኔው ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ሸክላ ሠሪዋ ሾዴ እጇ ጭቃ እንደሆነ ትደርሳለች። መካኒኩ ቦና ሁሌ ይጮኻል።

«ስንቴ ልንገራችሁ? አውቶማቲክ ናት እኮ! ብትገፏት አራት ኪሎ ትደርሳለች እንጂ አትነሳም!»

«እና ቆመን እንያት?» አለችው ሾዴ አንዴ። «አንተ እናትህ ያስተማረችህ ጎረቤት ሲቸገር ማየት ነው?»

ቦና እጅጌውን ሰብስቦ ገፋ። አስፋልቱ ድረስ ገፋናት። አልተነሳችም። በኪራይ ፒክአፕ ተጎትታ ዳገቱን ተመለሰች። ይህ በየጊዜው ይሆናል፤ አንድም ቀን ተነስታ አታውቅም፤ አንድም ቀን ሳንገፋ ቀርተን አናውቅም።

የእጅ ፍሬኗም ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ መሸሻ ከአጥሬ ሥር የዳቦ ያህል ድንጋይ አንስቶ ጎማዋ ሥር አስገባ።

«እማማ፣ ይህቺ የእርስዎ አደራ ናት። ማንም እንዳያነሳት።»

ከቁልቁለቱ ግርጌ ልጆች ይጫወታሉ። አደራውን ተቀበልኩ። በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ድንጋይ የምጠብቅ ሴት ሆንኩ።

መድኃኔዓለምን ግን ሌላ ነገር ነበር የምለምነው። «ክረምቱ ሳይገባ ገዢ ላክላት» እል ነበር።

ገዢው ሳይመጣ ክረምቱ ቀደመ። ሰኔ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወረደ። ታየች ጋቢዋን ተከናንባ ትራሷን ታቅፋ ከቤት ስትወጣ አየኋት። ማኪናዋ ጋ ሄደች፤ የኋላውን በር ከፈተች፤ ገብታ ጋደም አለች።

መሸሻ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነሻል አንቺ?»

«የቤታችን ጣሪያ ያለው እዚህ ነው» አለችው። «ገዝተኸው የለም? ገባሁበት።»

«ታየች፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ። አንተ ሳፋውን ጠብቅ።»

እሱም ዝናቡን ሸሽቶ ከፊት ገባ። መስኮቱ እንደተለመደው አልዘጋም ስላለ ሁሉን እሰማለሁ፤ ጭንቅላታቸውም ይታየኛል። አንዱ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ እንደ ሾፌርና እንደ አለቃ። ጥቂት እንደቆዩ ታየች ቀና አለችና ግንባሯን ጠረገች። የማኪናዋ ጣሪያ ላይ ያለው የሚከፈተው መስታወት፣ የጠርዙ ውሃ መውረጃ ተደፍኖ ኖሮ፣ ውሃውን ወደ ውስጥ ያወርደው ጀመር። ጠብ አለባት። እንደገና ጠብ።

ታየችን ሳል ያዛት፤ ደጋግሞ ያዛት። መሸሻ ወደ መስታወቱ አየ፣ ወደ እሷ ዞረ። ሴንሰር ነው ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ኮቱን አውልቆ ደረቷ ላይ ደረበላትና ስልኩን አወጣ። የደወለው ያረጁ ማኪኖችን ገዝቶ ለመለዋወጫ ለሚበትን ነጋዴ ነበር።

የነጋዴው የጭነት ማኪና ጠባቡ መንገዳችን ውስጥ አይገባም፤ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ማን ያውርዳት? ማንም አልጠራንም፤ ሁላችንም ወጣን። ቦና ከሥሯ እንጨት ሸጉጦ ከፍ አደረጋትና ከመሪው ኋላ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምይዘው። ከኋላ ይግቡ።»

መሸሻ ቆመ። ታየች ቀድማ ገባችና ቦታ ለቀቀችለት። ገባ። በሩን የዘጋችለት ሾዴ ናት፤ ጭቃ እጇ ጥቁሩ ቀለም ላይ ታተመ። ሌላ ቀን ቢሆን በጨርቅ ይጠርገው ነበር።

ድንጋይዋን እኔው አነሳሁ። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ከፊት እየደገፈ፣ ግማሹ ከኋላ እየያዘ ቁልቁል ወሰዷት። ቦና ዛሬ አልጮኸም። እኔ ድንጋይዋን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እንቁም ካሉ ጎማው ሥር ላደርጋት ከኋላቸው ወረድኩ። በኋላ መስታወቷ ሁለት ጭንቅላት ይታየኛል፤ ዞሮ የሚያይ የለም። የለመንኩትን አገኘሁ። ዓይኔ ለምን እንዳለቀሰ እሱ መድኃኔዓለም ይወቅ።

አሁን ጣሪያቸው አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፤ የታየችም ሳል ቀንሷል። ክቡርነታቸው ግን ጠዋት ጠዋት መወልወያ ጨርቃቸውን ይዘው ይወጣሉ። የሚወለወል የለም። ትንሽ ቆመው ይመለሳሉ። በቀደም ወደ እኔ ተሻገረ።

«እማማ፣ ያቺን ድንጋይ ለምን አያነሷትም? የምትይዘው ነገር የላትም። ሰው ታደናቅፋለች።»

«ከባድ ናት፣ ልጄ» አልኩት።

ያን ቀን ከአስፋልቱ ጀምሬ ዳገቱን ሙሉ ታቅፌያት ስወጣ፣ የነበረችበት ቦታ ላይ መልሼ ሳስቀምጣት፣ ቀድሞኝ ተመልሶ በራቸው ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«አዎ» አለ ጨርቁን እያጣጠፈ። «ከባድ ናት።»