ዴኮቹ እኔን ሲመርጡ

እሁድ ምሳዬን በልቼ፣ እንደ ድሬዳዋ ደንብ በሬን ዘግቼ ጋደም ባልኩበት፣ በጠራራ ፀሐይ ይህን ሕልም አየሁ።

እዚያው ድሬ፣ ታይዋን ገበያ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጫለሁ። እግሬ ታጥፏል፤ አናቴ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎልኛል። በግራዬ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ፣ በቀኜ አንድ ፀጉር አስተካካይ ተደርድረዋል። ባለሱቁ ባለሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን ነው። ሽርጥ አገልድሞ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቴሌቪዥን ጉንጭ ከየት አመጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ገዢዎቹ የቪዲዮ ካሴት ዴኮች ነበሩ። ሚስቶቻቸውን አስከትለው ይገባሉ፤ ሰዎቹን ያገላብጣሉ፤ ይወጣሉ። የደነቀኝ ይሄ አይደለም። የደነቀኝ ማንም እኔን አለማንሳቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በእውኑ ዓለም ሦስት ሳምንት ሙሉ ታይዋንን ስዞር የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ከቴሌቪዥን የሚቀዳ ዴክ ፍለጋ። እሁድ አሥር ሰዓት ላይ የልደት መልካም ምኞት ከነፎቶው የሚያቀርብ ፕሮግራም አለ። የኔም ተራ ለዚህ እሁድ ደርሶ ነበር። «ለውድ ጓደኛችን ለእንዳሻው፣ እንኳን ለሃያ አራተኛ ዓመት ልደትህ አደረሰህ። ጓደኞችህ ዚያድ፣ ኪሮስና ሚልኪያስ።» ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፖስታ ቤት የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ዚያድ፣ ኪሮስና ሚልኪያስ የሚባል ሰው በሕይወቴ አላውቅም። ቀድቼ ላስቀምጠው ነበር ሐሳቤ፤ አንድ ቀን እንግዳ ቢመጣ እንዲያው ሳላስበው የተከፈተ አስመስዬ ላሳየው። ግን ባለሁለት ሄድ፣ ማለት ባለሁለት ጭንቅላት፣ ይሻላል ወይስ ባለአራት? ሪሞት ያለው ይሁን ወይስ ሰዓት ያለው? የአንዱን ቁልፍ ስነካካ፣ የሌላውን ክዳን ስከፍት፣ «እመለሳለሁ» እያልኩ ስወጣ እሁድ ደረሰ። ቴሌቪዥን ራሱ የለኝም። እሱን ቀስ ብለን እናስብበታለን ብዬ ነው።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። አንድ ብርማ ሽማግሌ ዴክ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ገባና እፊቴ ቆመ።

«ይሄ ይቀዳል ወይስ ማጫወት ብቻ ነው?»

«ይቀዳል እንጂ አቦ! ሞክረው» አለ ባለሱቁ።

ሽማግሌው አፍንጫዬን ተጫነ። ማክሰኞን አጫወትኩ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ዞር ብላ «የት ጠፍተህ ነው እስካሁን?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሚስትየዋ ሳቀች። «በለው! ልጅቷ ያለችው 'እግሬን ረገጥከኝ' ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ይሄ ሌላ ይቀዳል፣ ሌላ ያጫውታል።»

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምርት ሁሉ እንዲህ ነው» አለ ባለሱቁ፣ ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ እያሻገረ። «ስትለምጂው ደስ ይልሻል።»

«ወደ ኋላስ ይጠቀለላል?» አለ ሽማግሌው፤ ጆሮዬን ጠመዘዘው።

ከመደርደሪያው ወርጄ የኋሊት ሮጥኩ። ፍየሎች እየተሰለፉ አሳለፉኝ። የደቻቱን ወንዝ በደረቁ ተሻግሬ ትምህርት ቤቴ ገባሁ። መምህራኑ ሦስት ሦስት ሆነው ዴስክ ላይ ተጣበዋል፤ ርዕሰ መምህሩ አርፍደው ኖሮ በር ላይ ተንበርክከዋል። ጠመኔው እኔ እጅ ላይ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን ጣታቸውን አወጡ።

«ቲቸር! አዋሽ የት ነው የሚገባው?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

ሁሉም አጎንብሰው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። አንደኛው «ሁለት ነጥብ ይይዛል?» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ሁለት ነጥብ አልኩ፤ ወዲያው መደርደሪያው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እሺ፣ ጭንቅላቱ ቢጠረግ ይሠራል» አለ ሽማግሌው። «አሥር ሰዓት ላይ የሚቀዳ ፕሮግራም አለን። ጠቅልልልን።» የኔው ፕሮግራም ነው! እነሱ ቤት ከገባሁ ራሴን በራሴ እቀዳለሁ ማለት ነው።

«ዋስ ግን ያስፈልጋል» አለ ባለሱቁ። «ሦስት ጓደኛ።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞረ። «እርስዎ ጓደኞች አሉዎት?»

ድሬ ውስጥ አንቱታ የለም። ዕድሜ ልኬን አንተ ስባል ኖሬ የመጀመሪያው አንቱታ የመጣው ከዴክ ነው። ማፈሬን ረስቼ «ሞልተውኛል» አልኩ፤ «ዚያድ፣ ኪሮስና ሚልኪያስ!»

በሩ ተከፈተና ሦስቱም ገቡ።

ልብስ ለብሰዋል፤ ፊት ግን የላቸውም። ፊታቸው መሆን በሚገባው ቦታ፣ ፕሮግራም ሲያልቅ ቴሌቪዥን ላይ የሚመጣው ጥቁርና ነጭ ነገር ይንጫጫል።

«አቦ፣ የጻፍከን አንተ ነህ?» አለ የመጀመሪያው።

«እኔ ነኝ ዚያድ።»

«የአባት ስም ምን ቢሆን ነው የነፈግከን? ቀበሌ መታወቂያ ከለከለን እኮ!»

«እኔ ደግሞ» አለ ኪሮስ፣ «ኳስ ልቻል አልቻል አላውቅም። ሰፈር ልጆቹ 'ግባ' ሲሉኝ ቆሜ ቀረሁ። አንድ መስመር ብትጨምር ምን ነበረበት?»

ሚልኪያስ ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ልደቱ ላይ እንኳን አልጠራንም» አለ።

«ትፈርሙለታላችሁ?» አለ ሽማግሌው።

«አናውቀውም» አሉ ሦስቱም።

ከመደርደሪያው ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ፈርሙልኝ! ለዛሬ ብቻ! ነገ ለሦስታችሁም የአባት ስም እሰጣችኋለሁ። የአያትም እጨምራለሁ!» ዕንባዬ ወረደ።

ትንሿ ዴክ የአባቷን ገመድ ጎተተች። «አባዬ ተወው፣ ይሄኛው ውኃ ገብቶበታል።»

ሽማግሌው ወደ ባለሱቁ ዞረ። «እስቲ ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን» አለ። «እንመለሳለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ባልና ሚስት ፀጉር አስተካካዩን በብብቱ አንጠልጥለው ወጡ። ባለሱቁ ሰዓቱን አየና «አሥር ሆነ» ብሎ ሆዱን አበራ። ሆዱ ላይ የኔ ፎቶ መጣ። አንባቢዋ ስሜን ልትጠራ አፏን ስትከፍት አንድ ነገር ጓ! ጓ! ጓ! አለ።

በሬ ነው። ዘልዬ ከፈትኩ። አከራዬ እማማ ነፊሳ ናቸው፤ እሳቸውንም አንቺ ነው የምላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሞተሃል ወይስ ተኝተሃል? ቴሌቪዥን ላይ ወጣህ እኮ!»

«አለፈ?»

«አለፈ እንጂ! ግቢው በእልልታ ቀለጠ። በርህን ስንቴ ደበደብን፣ ወላሂ!»

«የቀዳው ሰው የለም?»

«ምኑን?» አሉና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ስማኝ እንዳሻው፣ ይቅር በለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ይሄን በር የሚያንኳኳ ሰው ስላላየሁ፣ 'ይሄ ልጅ ሰው የለውም' እያልኩ ለጎረቤት ሳማህ ከርሜያለሁ። ኃጢአቴን ላራግፍ። ትልቁን ድስት ሩዝ ጥጃለሁ። እነዚያን ሦስት ልጆች ለአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘሃቸው ና።»

«ሥራ ላይ ናቸው፣ እማማ…»

«በእሁድ? አብሽር፣ አይዞህ፣ ሲወጡ ይደርሳሉ። ሰፈሩን በሙሉ ጠርቻለሁ፤ እንያቸው ብለን እኮ ነው!»

ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ተኩል ሆኗል። ዴክ ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ያልበቃኝ ሰው፣ ሦስት ጓደኛ ለመምረጥ የቀረኝ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ጥግ ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አራት የማላውቃቸው ልጆች ዶሚኖ ይጫወታሉ። ትንሽ ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጠጋ አልኩ።

«ይቅርታ ወንድሞች፣ ከመሃላችሁ እስከ ማታ ኪሮስ ተብሎ ቢጠራ ቅር የማይለው አለ?»