«ቢቋረጥስ?» ባዩ ጎረቤታችን

እናንተ ሰፈር «ቢቋረጥስ?» እያለ የሚኖር ሰው አለ? በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተማችን ሐይቅ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ውሃውም፣ ወፍጮውም፣ ስልኩም ተከትለውት ጠፉ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ቢወርድም ጎረቤታችን አያ ሰይድ እንቅልፍ የላቸውም። ድንቾችን በክር ያያይዙና አንዱን መብራት፣ አንዱን ውሃ፣ አንዱን ስልክ ብለው ይሰይማሉ፤ ከዚያ አንዱን ስበው ማን እንደሚከተለው ያያሉ። እሳቸው ጥናት ይሉታል፤ ሚስታቸው ግን ድንቹን ለወጥ ትፈልገዋለች።

የኔ ኒካሕ፣ የጋብቻ ውሌ ማለት ነው፣ የሚታሰረው በስልክ ነበር፤ ሙሽራው ያለው ሳውዲ ነው። ታዲያ አያ ሰይድ ዝም ይላሉ? ትርፍ ስልክ፣ ትርፍ ባትሪ፣ የተውሶ ጄኔሬተር አሰናድተው፣ መብራት እያጠፉ ቤተሰባችንን ሁሉ ጄኔሬተር ማስነሣት አለማመዱ።

ዕለቱ ደረሰና አባቴ በሸኹና በሽማግሌዎቹ ፊት «ልጄ፣ ፈቅደሻል?» አለኝ። እኔ ሰው ፊት መናገር ያቅተኛል። አቀረቀርኩ፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

«ተቋረጠ እንዴ?» አለ ሙሽራው በስልኩ።

አያ ሰይድ ዘለው ተነሡ። «መብራቱ አለ! ባትሪው ሙሉ ነው! ኔትወርኩም አለ! ወላሂ፣ ምኑ ነው የተቋረጠው?»

«ኧረ ልጅቱ አፍራ ነው» አሉ ሸኹ። «የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው። ይልቅ አንተ ቁጭ በልልንና ኒካሑን እንሰር።»