የእማማ ጥሩነሽ ላም ስትሰባ

ሐኪሙ ስብ ይቀንሱ አለኝ። እሺ አልሁ፤ ምን ይባላል? ስብ ሲባል ግን እኔ ትዝ የምትለኝ የእማማ ጥሩነሽ ላም ናት።

በደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ፋብሪካ እየሠራሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት እኖር ነበር፤ እማማ ጥሩነሽ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ልጃቸው ዘምቶባቸዋል፤ የቀረቻቸው ላሟ ብቻ ናት። እሷም ነጥፋለች። አጥንቷ የሚቆጠር፣ ኮርማ አጠገቧ ቢቆም ዞር ብላ የማታይ! ካልወለደች ወተት የለ፤ ወተት ከሌለ እማማ በምን ይኖራሉ?

የግብርናውን ሰው ለምኜ አመጣሁላቸው። ዳበሳትና፣ የጎደላት ስብ ነው አለ። ለራሷ ያልበቃች እንዴት ጥጃ ታስብ? ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን የኑግ ፋጉሎ ይስጧት ብሎ ሄደ። እማማ ግን ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ያገኟትን ዘይት በጠርሙስ ጋቷት። ስብ አይደል ያለው? አቤት የዚያን ሰሞን ተቅማጥ! ሰውየው ተመልሶ መጣና፣ ዘይት ባንዴ ሲበዛ ሆዷን ያበላሸዋል፣ ፋጉሎውን በልኩ ከገለባ ጋር እየደባለቁ ነው እንጂ ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ በኋላ ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያው በብስክሌት የማመላልሰው እኔ ሆንሁ። የላሟ ጠጉር አበራ፣ ሽንጧ ሞላ፤ አንድ ጠዋት ኮርማ ፍለጋ ገመዷን በጥሳ ሄደች። አረገዘች! ልጄ ሲመለስ እርጎ ይጠብቀዋል አሉኝ እማማ። እኔም እንደሳቸው ደስ አለኝ።

ያኔ ነው ለግንባር ስንቅ ከብት አዋጡ የተባለው። የእርሻ በሬ አይነካም፣ የምትወልድ ላም አትነካም፤ መሲና ግን፣ መካን ሆና የሰባችዋ፣ ትወሰዳለች። በኛ አገር ደግሞ የሰባች ላም ካያችሁ መሲና ናት፤ የምትወልደዋ መች ሥጋ ይተርፋታል? የቀበሌው ኮሚቴ በየግቢው ሲዞር ያየው ሁሉ አጥንት ነው። እማማ በር ሲደርስ ቆመ።

እርጉዝ ናት አሉ እማማ። ሳቁባቸው። ሆዷ ገና አልገፋም። ሊቀመንበሩ፣ እርጉዝ ላም እንዲህ ትሰባለች ወይ አላቸው። እኔም መሰከርሁ፤ አንተ ወዛደር፣ ስለ ከብት ምን ታውቃለህ ተባልሁ። እማማ እግሩ ላይ ወደቁ። ላሟን እየነዱ ሄዱ።

በማግሥቱ አረዷት። ሆዷ ሲከፈት የጥጃው ሰኮና ሁሉ ይታይ ነበር። አራጆቹ ቢላዋቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሊቀመንበሩ ግን፣ እማማ፣ ለምን አስቀድመው አልነገሩንም አለ። ምነው፣ ሰው እንዲህ ይላል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰፈርተኛው ነገሩ ወዲያው ገባው። ፋጉሎ የሚገዛ ጠፋ። ላሙ ሁሉ ጭራሽ ከሳ፤ የምታረግዝም የለች። የግብርናው ሰው ስብሰባ ጠርቶ፣ ያለ ስብ ጥጃ የለም እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ለፈለፈ። እማማ ጥሩነሽ ላም ባይኖራቸውም መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ» አሉት፣ «የሚያስረግዝ፣ ግን የማያሰባ ስብ የላችሁም?»