የተጠረገው ዳርቻ

በዓይኑ ከሚያየው ይልቅ መዝገብ ላይ የተጻፈውን የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ጓድ አስማረ ገጥመውኛል። በባሕር ዳር የአደገኛ ቆሻሻ ስፍራዎችን ዝርዝር የያዙት እሳቸው ናቸው።

ከቢሯቸው ፊት ለፊት ያለው የጣና ዳርቻ ድሮ የዘጌ ታንኳዎች የሚያርፉበት ነበር። እናቴ ከዘጌ ስትመለስ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ የምጠብቃት እዚያ ነው። ኋላ ቆሻሻ ተደፋበት፤ ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ታጠረ። አምና ቀበሌያችን እሑድ እሑድ እየዘመተ ጠረገው፤ ሣርም በቀለበት። አጥሩ ግን አልተነሣም፤ ዝርዝሩ ላይ ገና አደገኛ ነዋ።

«ጓድ፣ እባክዎ ይሰርዙልን» ብዬ ሄድሁ።

ቅጽ ሰጡኝ። «የቆሻሻው ዓይነት» በሚለው ላይ «የለም» ብዬ ጻፍሁ።

«የለም የሚባል ዓይነት የለም» አሉኝ። «ናሙና አምጣ።»

ከሌለ ነገር ናሙና ከየት ይመጣል? ቸገረኝና ከቤቴ የሽንኩርት ልጣጭ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገለባበጡት፤ አሸተቱትም።

«እንግዲህ ቆሻሻ አለ ማለት ነው» ብለው መዝገቡን ዘጉ።

«እስቲ በመስኮቱ ይመልከቱ» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቱ። «ዋና የተማርሁት ከዚያች ድንጋይ ሥር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ?»

መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ስወጣ ግን አንድ ነገር አየሁ። የሌሎቹ የቢሮው ሠራተኞች ጠረጴዛ ሁሉ ወደ በሩ ዞሯል፤ የጓድ አስማረ ብቻ ወደ ሐይቁ።