አየር የናፈቃት ተጎታች ቤት

[ግቢ ውስጥ፣ ቀትር ላይ። በመኪና የምትጎተት ትንሽ የመዝናኛ ቤት ቆማለች። ያላት በር አንድ ነው፤ እሱም በውጭ በኩል ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ይከፈታል። መሐንዲሱ በሙያው ልብስ ሰፊ ነው፤ ቅጽል ስሙን ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። በልብስ ጠመኔ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ያሰምራል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ኤሊው፣ ሜትሩን ይዞለት ቆሟል።]

ኤሊው፦ እኔ የምልዎት ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባይሆንስ?

መሐንዲሱ፦ እዚህ ጋ ነው አልኩ! ለመሆኑ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለህ?

ኤሊው፦ ከውጭ።

መሐንዲሱ፦ ከውጭ! ይቺን ለማወቅ ነው ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርከው?

ኤሊው፦ ሦስቴ ነው ጋሼ። ግን በሩ...

መሐንዲሱ፦ የበር ነገር የበር ነው፣ የመስኮት ነገር የመስኮት! እህትህ ምን አለች?

ኤሊው፦ «ባለፈው ታፍኜ ልሞት ነበር። መስኮት ካልወጣላት ነገ ልጆቼን ይዤ የትም አልሄድም» አለች።

መሐንዲሱ፦ ልጆቹስ?

ኤሊው፦ እነሱማ ከትናንት ጀምሮ የዋና ልብሳቸውን አላወለቁም።

መሐንዲሱ፦ አየህ! ደግሞ መስኮት ማለት ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ኪስ ነው። በዕድሜዬ ስንት ኪስ አውጥቻለሁ?

ኤሊው፦ ለእኔ አንድ። እሱም እጅ አያስገባም።

መሐንዲሱ፦ እሱ ፋሽን ነው! መቁረጫውን አቀብለኝ።

[ቆርቆሮው ሲንጫጫ ጎረቤት ይሳደባል። መስኮቱ በማስቲሽ ተጣብቆ ተገጠመ። ከላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውጭ የሚገፋ ነው።]

ኤሊው፦ ጋሼ፣ በሩ ሲከፈት ወዴት ነው የሚሄደው?

መሐንዲሱ፦ ወደ ቀኝ ነዋ!

ኤሊው፦ መስኮቱስ?

መሐንዲሱ፦ በቀኝ። ምን አገናኛቸው?

ኤሊው፦ አይ፣ አንድ ሰፈር ከሆኑ መተዋወቃቸው አይቀርም ብዬ ነው።

መሐንዲሱ፦ አንተ ልጅ፣ ጭንቅላትህም አየር ያስፈልገዋል! በል፣ ገብቼ ልሞክረው። [ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱን ገፍቶ በዘንግ ደገፈው።] ኧረ ደስ ሲል! ስማ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ይሄ መስኮት እንደተከፈተ ነው የሚቆየው። አሁን ከተዘጋ ተጣብቆ ይቀራል። ማንም እንዳይነካው!

ኤሊው፦ መቼ ይደርቃል?

መሐንዲሱ፦ ነገ ጠዋት።

ኤሊው፦ እሺ። ደህና ይደሩ ጋሼ።

መሐንዲሱ፦ በጠራራ ፀሐይ ምን ደህና ይደሩ ያስብልሃል? [በሩን ይስባል። በሩ ጥቂት ተንሸራቶ ከተከፈተው መስኮት ጋር ተጋጨና ቆመ።] ምን ነካው?

ኤሊው፦ ተዋወቁ።

መሐንዲሱ፦ [ደጋግሞ ይስባል] እጅ እንኳ አያሳልፍም እኮ!

ኤሊው፦ እንግዲህ አየር ሲገባ ሰው አይወጣም፤ ሰው ሲወጣ አየር አይገባም።

መሐንዲሱ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ኤሊው፦ የበር ነገር የበር ነው ሲሉኝ የቤተሰብ ጉዳይ መሰለኝ። አሁንም «ሳይደርቅ በእርጥቡ» ነው፤ መስኮቱን ይዝጉትና ይውጡ።

መሐንዲሱ፦ ይጣበቃል አልኩህ! ከተጣበቀ አየር የለም፣ አየር ከሌለ የነገ ጉዞ የለም። እነዚያን ልጆች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? በመስኮቱ እወጣለሁ! [ራሱና ትከሻው ወጡ። ሆዱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።] ሳበኝ!

ኤሊው፦ [ይስባል] አይመጡም። ወደ ኋላስ?

መሐንዲሱ፦ አልሄድም። እንዴት ይሆናል? ልኩን የወሰድኩት እኮ እኔ ራሴ ነኝ!

ኤሊው፦ የመስኮቱን። የጋሼን ወገብ ማን ለካው?

መሐንዲሱ፦ ቀስ በል፣ እህትህ እንዳትሰማ!

[ከቤት ውስጥ የሴት ድምፅ፦ «እናንተ! አየር መግባት ጀመረ?»]

ኤሊው፦ [እየጮኸ] ሊገባ ነበር እቴቴ! ጋሼ ቀድመውት ተሰልፈው ነው እንጂ!