የአቃቂው ውጤት አንባቢ

በየሰፈሩ አንድ ውጤት አንባቢ አይጠፋም። ሐኪም አይደለም፤ ግን የላብራቶሪ ወረቀት ሲያይ እጁን ይበላዋል። የአቃቂውን ላስተዋውቃችሁ? በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ስቶር ኪፐር ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእሱ ዘመን አንድ ጥቅል ክር አልጎደለም፤ ይህን እንዳትረሱበት። ለእሱ የሰው ደምም ስቶር ነው፤ ቀሪው ከዝቅተኛው ልክ ከወረደ ይሞላል። ምን ያጠያይቃል?

አንድ ቀን ጎረቤቱ ጋሽ ደምሴ ወረቀት ይዘው መጡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ኩላሊታቸውም ስለደከመ ደማቸው በማሽን ይታጠባል። አንባቢው መነጽሩን አጠለቀ።

«መድኃኒቱ ደምዎ ውስጥ አንሷል። በቀን አንድ ፍሬ ይጨምሩ!»

ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ጨመሩ። በሳምንቱ ይንገዳገዱ ጀመር፤ ምላሳቸውም ተሳሰረ። አንባቢው በሰው ፊት ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

«ጋሽ ደምሴ፣ በዚህ ዕድሜ አረቄ?»

«ማርያምን፣ አልቀመስኩም» ብለው አንገታቸውን ደፉ። በማግስቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሐኪሙ በኋላ አስረዳ፦ ኩላሊት ሲደክም በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ደም ውስጥ የሚሠራው መድኃኒት ግን በቂ ሊሆን ይችላል። የተጨመረው ፍሬ ነው የመረዛቸው።

በሌላ ሰው ሳመካኝ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። አንባቢው እኔ ነኝ።

ዛሬ ጋሽ ደምሴ በክራንች ሲያልፉ ካዩኝ፣ ሰላምታ ሰጥተውኝ ወረቀታቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። በሕይወቴ በትክክል ያነበብኩት ያንን ሳላየው ኪስ የገባውን ወረቀት ብቻ ነው።