ሁልጊዜ ሙሉ የሚለው የነዳጅ መርፌ

ዱሬሳ ቢራ ሰቦቃ ይባላሉ፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በዚህ ከተማ የማያልቅ ሥራ የያዘ አንድ ሽማግሌ የሌለው ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። አንዱ አጥር አፍርሶ እንደገና ያጥራል፤ ሌላው ማንም ያላዘዘውን የዘር ሐረግ ይቆጥራል። ከባድ መኪኖች ከሚያጓሩበት ከቃሊቲው አስፋልት ጀርባ ለዚህ ማዕረግ የበቁት ጋሼ ዱሬሳ ናቸው። ሥራቸውም ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት።

መኪናዋን ትተውላቸው የሄዱት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለቃቸው የነበሩ እንግሊዛዊ ናቸው። ጋሼ ዱሬሳ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚያው ፋብሪካ የመለኪያ መሣሪያዎች መሐንዲስ ነበሩ። ስለዚህ ሞተሩንና ፍሬኑን ለሌላ ሰው ሰጥተው ሲያሠሩ፣ ከመሪው ፊት ለፊት ባለው ክሩስኮት ላይ ያሉትን መለኪያዎች ግን ማንም እንዲነካባቸው አልፈቀዱም። የባትሪው፣ የዘይቱ፣ የሙቀቱና የነዳጁ መርፌ ከነሽቦዎቻቸው የክቡርነታቸው ግዛት ናቸው።

ወደዚህ ግዛት ፒንሳ ይዞ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ሻፊ። ሻፊ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ይጠግናል። ሚስቱና ልጆቹ ወራቤ ናቸው፤ እሱ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሚሄድበት ሌላ ቤት ስለሌለው ወደ ጋሼ ዱሬሳ ግቢ ይሄዳል፤ ሊረዳቸው ነው እያለ፣ ሊከራከር።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው ባትሪ ሲያስር ነው። እጁ እንደለመደው ኔጌቲቩን ከመኪናዋ አካል ጋር አገናኘ።

«ማነው እንዲህ ያለህ?» አሉት ጋሼ ዱሬሳ። ይህ ጥያቄ የዘወትር መሣሪያቸው ነው፤ ለሐኪም፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢና ለሰባኪም ሳይለዩ ይሰነዝሩታል።

«ጋሼ፣ ቃሊቲ ሙሉ እኮ እንዲህ ነው የሚታሰረው!»

«ቃሊቲ ሙሉ ለራሱ ልክ ነው። ይህች ግን ቃሊቲ አልተሠራችም። የእሷ ፖዘቲቩ ነው ከአካሏ የሚታሰረው።»

ሻፊ አላመነም። መብራቱን ቢያበራው፣ ባትሪው መቀነሱን ማሳየት የነበረበት መርፌ ወደ መሙያው በኩል ተፈናጠረ። እልህ ይዞት ከመለኪያው ጀርባ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አቀያየረና መርፌውን ወደ ትክክለኛው በኩል መለሰው።

«አሁንሳ?» አለ።

«አሁንማ መርፌው መዋሸት ተማረ» አሉት። «መብራት በበራ ቁጥር ባትሪ የሚሞላ ከሆነ ግድብ ለምን ይገነባል? ስሕተቱ ያለው ባትሪው ላይ፣ ቅጣቱ የደረሰው መለኪያው ላይ! ፍታው።» ፈታው፤ ባትሪውንም እሳቸው እንዳሉት አሰረ። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ሌላ ክርክር ይዞ መጣ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ። «ጋሽ ዱሬሳ፣ ይህች መኪና መቼ ነው የምትገላገለው? ዝሆን እንኳ ይህን ያህል አታረግዝም!»

«ትንሽ ቀርቷታል» ይላሉ፣ ከክሩስኮቱ ሥር ቀና ሳይሉ።

ይህች «ትንሽ ቀርቷታል» ግን የዋዛ ቃል አይደለችም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጋሼ ዱሬሳ ብቻቸውን ናቸው። ባለፈው ክረምት ግቢ ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ ደርሰው እስኪያነሷቸው ድረስ ዝናቡ ሲወርድባቸው ቆይቷል። አዳማ የምትኖረው ልጃቸው ሌንሳ ያን ጊዜ እያለቀሰች መጣች፤ ይዤህ ካልሄድኩ አለች። እሳቸውም ቃል ገቡላት፦ መኪናዋ እንዳለቀች፣ ራሳቸው እየነዱ አዳማ ገብተው ከእሷ ጋር ሊኖሩ።

«አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤቷ» አሉት አንድ ቀን ለሻፊ። «ባልና ሚስቱ ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። መስኮቱ ግሩም ነው ይሉኛል። ሰው ከመስኮት ጋር ምን ይከራከራል?»

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲጋመስ ሌሎቹ መርፌዎች ሁሉ ተስተካክለው የነዳጁ ብቻ ቀረ። ቤንዚን ይኑርም አይኑርም ሙሉ ይላል። ሻፊ ከፊት በኩል ያልፈታው ነገር አልነበረም። እሱ በሚያውቃቸው መኪኖች ከነዳጁ ጋን የሚመጣው ሽቦ ቢበጠስ መርፌው ባዶ ላይ ይወድቃል እንጂ ሙሉ አይልም፤ ስለዚህ ኋላ ሄዶ ማየት አልታየውም። ጋሼ ዱሬሳም «ኋላውን እኔ አይቼዋለሁ» ብለውታል።

ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ዓርብ ጋሼ ዱሬሳ ሳሪስ አቦ ቀብር ሄደው ሻፊ ብቻውን ግቢው ውስጥ ቀረ። ሥራ ሲፈታ ኋላውን ከፍቶ በባትሪ መብራት አየ። ሽቦው ከነዳጁ ጋን ተለይቷል። አልተበጠሰም፣ አልዛገም። ጫፉ በፕላስተር፣ እያንዳንዱ ዙር በሌላው ላይ እኩል ተደርቦ፣ ልቅም ተደርጎ ተጠቅልሏል። በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚጠቀልል እጅ አንድ ብቻ ነው።

ፕላስተሩን ፈትቶ ሽቦውን ቦታው ላይ አሰረና ወደ ፊት መጥቶ ቁልፉን ከፈተ። መርፌው ከሙሉ ላይ ቀስ እያለ ወርዶ፣ ጥቂት ተንቀጥቅጦ፣ እኩሌታው ላይ ቆመ። ጋኑን በእንጨት ቢለካው በእርግጥም እኩሌታ ነበር፤ ለካ ይህች መኪና ሽቦዋ ሲለይ ሙሉ ነው የምትለው። መኪናዋ አልቃለች። ምናልባትም ካለቀች ቆይታለች።

ሻፊ ወደ መሪው ተመልሶ ቁልፉን ዘጋ። ከዚያ ወርዶ ሽቦውን ፈታ፤ ጫፉንም እንደነበረው ለማስመሰል ጠቀለለው።

በሚቀጥለው ዓርብ ጋሼ ዱሬሳ ኋላውን ከፍተው ረጅም ጊዜ አጎነበሱ።

«ሻፊ።»

«አቤት ጋሼ።»

«የሚቸኩል እጅ ጥሩ ፕላስተር አይጠቀልልም።» ቀና ብለው አላዩትም። «በል ና፣ ከፊት በኩል እንፈልግ።»

ፈለጉ። ስለ ፊውዝ ተከራከሩ፣ ሻፊም ተረታ። ግቢውን ለቆ ሲወጣ በሚያስቅ ሁኔታ ደስ ብሎት ነበር።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ እያለ ሌንሳ ደወለች።

«ሻፊ ወንድሜ፣ አባዬን ስጠይቀው ትንሽ ቀርቷታል ነው የሚለኝ። ክረምቱ ሊገባ ነው። እንደ አምናው ወድቆ ሰው ባይደርስለትስ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቃለች ወይስ አላለቀችም?»

አልቃለች ቢል ሌንሳ ለእሑድ ትደርሳለች፤ ሽማግሌው ዝናብ በማይደርስበት ፎቅ ላይ ከመስኮቱ ጋር ይቀመጣሉ። አላለቀችም ቢል እዚያው ግቢያቸው፣ እዚያው ጭቃቸው ላይ ይቆያሉ። ከዚህም የባሰ ሌላ ነገር ነበር፤ ያዘነው ለእሳቸው ይሁን ወይስ መሄጃ ለሚያጣበት ለራሱ ዓርብ፣ ለይቶ ማወቅ አቃተው።

«ሻፊ? ትሰማኛለህ?» አለች ሌንሳ።

እርስዎ አንባቢ፣ ያ ስልክ በእርስዎ ጆሮ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይመልሱላት ነበር?